ምን ላብላቸው ከማለትሽ በፊት የበሉት ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂ

ሰላም እህቴ። አባትሽ የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ከተነገራችሁ ወዲህ 11 ኪሎ እንደቀነሱ፣ እየበሉም እንደሚከሱ ጽፈሽ «ምን ላብላቸው?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች አጥሚት፣ ተልባና የቅልጥም መረቅ መክረውሻል። እኔም በዚሁ ካንሰር ለታመመችው እናቴ ይህን ሁሉ ሠርቻለሁ። 63 ኪሎ የነበረችው ሴት 46 ኪሎ የገባችው ግን አጥሚቱን እየጠጣች ነው።

አንደኛ፣ ስለ ዓይነ ምድራቸው ጠይቂ። ለሴት ልጅ መናገር ካፈሩ ወንድምሽ ይጠይቃቸው። ፈዛዛና ቅባት ያለው፣ ሽታው የከፋ፣ ውሃ ሲለቀቅበት አልወርድም የሚል ከሆነ፣ ከበሉም በኋላ ሆዳቸው የሚነፋና የሚጮህ ከሆነ፣ ምግቡ ሳይፈጭ እየወጣ ሊሆን ይችላል። ስቡንም ፕሮቲኑንም የሚፈጨውን ኢንዛይም ወደ አንጀት የሚልከው ቆሽት ነው፤ የካንሰሩ ዕጢ የቆሽቱን ቱቦ ሲዘጋው ኢንዛይሙ አይደርስም። እናቴ ይህ ምልክት ለሦስት ወር ነበረባት። እኔ «ቅባት አልተስማማትም» ብዬ ቅቤውን ከወጧ አወጣሁ፣ ወተትና እንቁላል ከለከልሁ፣ በምትኩ የፍራፍሬ ጭማቂ አጠጣኋት። ኃይል የሚሰጣትን ምግብ በገዛ እጄ ነጠቅኋት፤ በጭማቂው ደግሞ የደም ስኳሯ ወጣ። የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊንም ከቆሽት እንደሚመነጭ ያን ጊዜ አላሰብሁም። የአባትሽን ስኳር አስለኪ።

ክብደቷን አንስቼ የጠየቅሁት ሐኪም ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ «የካንሰር ሕመምተኛ ይከሳል፤ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለ ዓይነ ምድሯ የጠየቀችን ሌላ ቦታ ያገኘናት ወጣት ሐኪም ናት፤ የኢንዛይም ካፕሱል ያዘዘችልንም እርሷ ናት። ክሬኦን የሚባለውን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ተለምኖ፣ ገንዘብ ከሦስት ቤት ተዋጥቶ አስመጣን።

ሁለተኛ፣ አወሳሰዱ። ዋናው ቃጠሎዬ እዚህ ላይ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ሰው የካፕሱሉን ጠርሙስ ተቀብሎ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ብሎ ጻፈበት። እናቴም በልታ ትጨርስና አንዱን ካፕሱል በትኩስ ሻይ ትውጠዋለች። ስድስት ሳምንት! ምንም ለውጥ የለም። ክብደቷ ስለወረደ የኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት) ቀጠሮዋም ተላለፈ። ወጣቷ ሐኪም እንዴት እንደምትወስደው ስትሰማ ደነገጠች። ካፕሱሉ ከምግቡ ጋር ሆድ ውስጥ መገናኘት አለበት፤ ምግቡ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ኢንዛይም ምን ይፈጫል? ትኩስ መጠጥም ያበላሸዋል። ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመልሼ ይህን ለሰውየው ብነግረው «መድኃኒት ሁሉ ከምግብ በኋላ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ከዚያ በኋላ በራሴ እጅ ያዝሁት። መጀመሪያ ስትጎርስ አንድ፣ ማዕዱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ሌላ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳታኝክ። መክሰስ ስትቀምስም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ስትጠጣም ትወስዳለች፤ ለባዶ ሻይ ግን አያስፈልግም። መጠኑን ሐኪም ይወስን፤ ሆኖም በእንግሊዝ አገር ለዚህ ሕመም መነሻ የሚደረገው ለዋና ምግብ ቢያንስ 50,000 ዩኒት (ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው የኢንዛይሙ መጠን)፣ ለመክሰስ 25,000 ነው። እናቴ ትወስድ የነበረው 10,000 ነበር። ማስቀመጫውም ከ25 ዲግሪ ያልበለጠ ቦታ ይሁን፤ እኛ ምድጃው አጠገብ ነበር ያኖርነው።

መድኃኒቱ የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። ይህን ከአባትሽ አትደብቂ፤ ከሌላ ሰው ከሰሙ አንቺን አያምኑም። እናቴ ስትሰማ ሁለት ቀን አልወሰደችም። የነፍስ አባቷን ቤት ድረስ ጠራኋቸው። «መድኃኒት ነው ልጄ፣ ውሰጂ» አሏት። ሁዳዴም ደርሶ ነበርና ወተትና እንቁላል እንድትወስድ ፈቀዱላት፤ «ጾሙን እኔ እጾምልሻለሁ» ብለዋት ሲወጡ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንፎዋን በቅቤ፣ በቀን ስድስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ አበላኋት። በትልቅ ትሪ ሲቀርብላት ገና ስታየው ትጠግብ ስለነበር በቡና ስኒ ማስቀመጫ አቀርብላታለሁ።

በሁለት ወር 50 ኪሎ ገባች፤ ኬሞቴራፒውም ተጀመረ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ስናገረው አላፍርም። ካንሰሩ ራሱ የሚያመጣው መክሳት ስላለ ወደ 63 አልተመለሰችም። ሕመሙን፣ ማቅለሽለሹንና የሆድ ድርቀቱንም አሳክሚላቸው፤ የሚያመው ሰው አይጎርስም። እናቴ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ኖረች፤ የእህቴን ልጅ ክርስትና በእግሯ ቆማ አየች።

አሁን ሦስት ነገር ጻፊልኝ፦ አባትሽ ካፕሱል ታዞላቸዋል ወይስ አልታዘዘም? ከታዘዘ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ስንት ነው? የሚወስዱትስ ከጉርሻው ጋር ነው ወይስ ከማዕድ ከተነሱ በኋላ? ማታ ማታ እዚሁ አለሁ።