ጆይስቲኩ ይዘገያል? መጀመሪያ የቲቪውን ሪሞት አንሳ

አንድ የአዳማ ልጅ ጽፎልኛል። መናኸሪያ አካባቢ አራት ቲቪ ያለው ትንሽ የፕሌይስቴሽን ቤት አለው። በቅርቡ አንዱ ቲቪ ተቃጠለበትና በምትኩ ባለ 43 ኢንች አዲስ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቹ እዚያ ወንበር ላይ አንቀመጥም አሉ። "ላግ ያደርጋል፣ ፓስ ስሰጥ ኳሷ ቆይታ ነው የምትወጣው" ይላሉ። ጆይስቲክ ቀየረ፣ ደግሞ ቀየረ፣ በመጨረሻ አዲስ ገዛ፤ ያው ነው። በኬብል ሰካው፤ አሁንም ያው ነው። "ጆይስቲኮቹን ላምጣቸውና ፈትተህ ታያቸዋለህ?" ይለኛል።

አታምጣቸው ወንድሜ። ይሄ ነገር በራሴ ላይ ደርሷል። አንድ ደንበኛ "ይዘገያል" ብሎ ሁለት ጆይስቲክ አመጣልኝ፤ ፈታሁ፣ አጸዳሁ፣ ስፖንጅ ቀየርኩ፣ ሂሳቤንም ተቀበልኩ። በማግስቱ ሁለቱንም ይዞ ተመለሰ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ሳየው ጆይስቲኮቹ ምንም አልነበራቸውም፣ ጥፋቱ የቲቪው ነው። ገንዘቡን መለስኩለት፣ እሱ ደግሞ ሻይ ጋበዘኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ይዘገያል" የሚል ሰው ሲመጣ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ስለ ቲቪው ነው የምጠይቀው።

ልጆች ለሁሉም ነገር "ላግ" ይላሉ እንጂ በሽታው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ሁሌም እኩል የሚዘገይ ነው፤ ትጫናለህ፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ይሠራል፣ አንድም አይስትም። ሌላው አንዴ ደህና ይሆንና አንዴ ይንተባተባል። ሦስተኛው ጭራሽ አይሰማም፣ አውራ ጣትህ እስኪያምህ ስትጫነው ብቻ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ቲቪ ነው፣ ሁለተኛው ብሉቱዝ፣ ሦስተኛው ብቻ ነው የኔ ሥራ። ያንተ የመጀመሪያው ነው። ጆይስቲክ ስትቀይር ምንም አልተለወጠም፣ ችግሩ የጀመረው ቲቪ ስትቀይር ነዋ! ለማረጋገጥ ያንኑ ጆይስቲክ ከነፕሌይስቴሽኑ ወደ ሌላኛው ቲቪ አዙረውና ሞክረው። ኢንተርኔቱን ለጊዜው ተወው፣ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጫወቱ እሱ ምንም አያገባውም።

ቲቪ እንዴት ያዘገያል? የዛሬ ቲቪ ምስሉን እንደመጣለት አያሳይህም። ይቀበለዋል፣ ያጠራዋል፣ ቀለሙን ያደምቀዋል፣ አንዳንዱ እንዲያውም በሁለት ፍሬም (ተከታትለው በሚመጡ ሁለት ነጠላ ምስሎች) መሃል የራሱን ፍሬም ሠርቶ ይጨምራል፣ እንቅስቃሴው ለስላሳ እንዲመስል። ፊልም ስታይ ድምፁንም አብሮ ስለሚያቆየው ነገሩን አታውቀውም። ጌም ላይ ግን ጣትህ ያውቀዋል። ፊፋ በሰከንድ 60 ፍሬም ነው የሚሄደው፣ አንዱ ፍሬም ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ቲቪው ምስሉን 100 ሚሊሰከንድ ይዞ ካቆየው አንተ የምታየው 6 ፍሬም ያለፈበትን ጨዋታ ነው፤ ተከላካዩ ኳሷን ከነጠቀህ በኋላ ፓስ ትሰጣለህ። ጤነኛ ጆይስቲክ የሚጨምረው ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። "እንደ ፕሌይስቴሽን 2 የሚታዘዝ የለም" የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ አይደል? አልዋሹም። ያኔ ጆይስቲኩ በገመድ ነበር፣ ያ ከኋላው ትልቅ ሆድ የነበረው ቲቪ ደግሞ ምስሉን ሳያቆይ እንደመጣለት ነበር የሚስለው።

እና ሪሞቱን አንሳ። ሴቲንግ ውስጥ ፒክቸር ሞድ የሚለውን ፈልገህ "ጌም" አድርገው። አንዳንድ ሳምሰንግ ላይ ፒክቸር ውስጥ አታገኘውም፣ ጄኔራል የሚለው ውስጥ ገብተህ ፈልገው። ከዚያ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ነገር አጥፋ፤ ሳምሰንግ አውቶ ሞሽን ፕላስ ይለዋል፣ ኤልጂ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ሞሽንፍሎው፣ ስሙ ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው። ጌም ሞድ የሌለው ርካሽ ቲቪ ከሆነ ፕሌይስቴሽኑ የተሰካበትን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ስም "ፒሲ" ብለህ ቀይረው፣ ብዙዎቹ ላይ ያግዛል። ብዙ ቲቪ ይህን የሚያስታውሰው ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ለየብቻ ስለሆነ ፕሌይስቴሽኑ የተሰካበት ቀዳዳ ላይ ሆነህ አስተካክል፤ ነገ ገመዱን ወደ ሌላኛው ቀዳዳ ካዞርከው እንደገና ትጀምራለህ። አስተካክለህ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ራሱ ወደ ድሮው ከተመለሰ ደግሞ አትደንግጥ፣ ቲቪው የሱቅ ማሳያ ሞድ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሆም ሞድ ቀይረው። ቀለሙ ትንሽ ይፈዛል። ልጆቹ ያጉረመርሙ ይሆናል፣ ጎል ሲያገቡ ይረሱታል።

ለውጡን በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ስልክህ ይበቃል። ስሎው ሞሽኑ በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ከሆነ እያንዳንዱ ፍሬም 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ጣትህና ስክሪኑ አንድ ላይ እንዲታዩ አድርገህ ቅረጽ፣ በፕሌይስቴሽኑ ሜኑ ላይ ቀስቱን ተጫን፣ ከዚያ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም እያስኬድህ ቁልፉ ከወረደበት ሜኑው እስከተንቀሳቀሰበት ድረስ ቁጠር። 40 ፍሬም ከቆጠርክ 160 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ፊፋ ውስጥ አትለካው፣ ተጫዋቹ ራሱ ዞሮ እስኪመታ ጊዜ ስለሚፈጅ ያሳስትሃል። አምስቴ ለክተህ አማካዩን ውሰድ፣ ከሌሎቹ ሦስት ቲቪዎች በአንዱም ድገመው። ዜሮ ግን አትጠብቅ፣ ጌሙም ፕሌይስቴሽኑም የየራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ።

ስለ ሁለተኛው በሽታ፣ ስለ ብሉቱዝም ልንገርህ፣ አራት ፕሌይስቴሽን ባለበት ክፍል አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ብሉቱዝና የተለመደው ዋይፋይ ሁለቱም 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው የሚሠሩት፣ ይጋፋሉ። ራውተሩን ከፕሌይስቴሽኑ አርቀው። እንዳይሰረቅ ብለህ ፕሌይስቴሽኑን በብረት ሳጥን ቆልፈህበት ከሆነ ግን ዋናው ጥፋት እሱ ነው፣ ብረት ሲግናሉን ያፍነዋል፤ የእንጨት አሠራ፣ ሙቀቱም እንዲወጣ ከኋላ ክፍት ተወው።

በኬብል ሰካሁት ያልከው ደግሞ ላይቆጠር ይችላል። የፕሌይስቴሽን 4 የመጀመሪያው ጆይስቲክ ፕሌይስቴሽኑ ላይ በኬብል ስትሰካው ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፣ ሲግናሉ በብሉቱዝ ነው የሚቀጥለው። በ2016 የወጣው፣ ታችፓዱ ላይ ቀጭን የመብራት መስመር የሚታይበት፣ እሱ በኬብል ይሠራል፤ ሴቲንግ፣ ዲቫይስ፣ ኮንትሮለር ውስጥ ገብተህ የግንኙነቱን መንገድ ዩኤስቢ ማድረግ አለብህ። ኬብሉም ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን። ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚመጡት አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ናቸው።

ሦስተኛው በሽታ፣ ቁልፉ የማይሰማው፣ እሱን አምጣልኝ። ውስጡ ያለችው ስፖንጅ ስትሳሳ ፊልሙ፣ ማለትም የቁልፎቹን ሲግናል የሚያስተላልፈው ስስ ፕላስቲክ፣ ከቦርዱ ጋር በደንብ አይነካካም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጉድ የለበትም። የአዳማ ንፋስ ተርባይኑን ሲያዞር ይውልና አቧራውን ደግሞ ጆይስቲክ ውስጥ ይከተዋል፤ ማታ ስትዘጋ በጨርቅ ሸፍናቸው።

ያወጣሃቸውን ሁለት ጆይስቲኮች እንዳትጥላቸው። አንዱን ዛሬውኑ ሌላኛው ቲቪ ላይ አገናኝና አንድ ጨዋታ ተጫወትበት። ደህና ከሠራ አዲስ የገዛኸውን ለመጠባበቂያ አስቀምጠው።