የስር ፍርድ ቤት መዝገብ እስከ ሰበር ይከተላል

ሰላም እህቴ። «የሰበር ውሳኔ ይዤ ብቀርብ የወረዳ ዳኛ ይቀበለኛል? ታች የተፈረደውስ ላይኛውን ፍርድ ቤት ይነካዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ባሕር ዳር ጥብቅና ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት (የመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን የሚያየው ችሎት) ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። የ2013ቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ ይዟል። ግን ዳኛው የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ሁሉ በቃሉ አይዝም። የመዝገብ ቁጥሩን ጥቀሺ፣ ውሳኔውን አትመሽ አያይዢ፣ ያንቺ ጉዳይ ከዚያኛው ጋር በምን እንደሚመሳሰል አስረጂ። ፍሬ ነገሩ ከተለያየ «ለዚህ አይሆንም» ቢልሽ አይፈረድበትም።

የሚያንገበግበኝ ሁለተኛው ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ መጡ። ጎረቤት የቡና ጫካቸውን ድንበር ገፍቶባቸዋል። ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ምስክራቸው ችሎት ላይ «ድንበሩ ዋርካዋ ናት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ» አለ። ሁላችንም ሰማን። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን «ድንበሩን አውቃለሁ» የሚል ብቻ ነው። ያኔውኑ ተነስቼ ይስተካከልልን ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ተፈረደብን።

ይግባኝ አልን። «ያስቀርባል» ሲባል፣ ማለትም ይግባኙ ለክርክር እንዲቀርብ ሲፈቀድ፣ ደስ አለን። በክርክሩ ቀን ዳኞቹ መዝገቡን አገላብጠው «ዋርካ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ፍርዱ ጸና። ሰበር ደግሞ መሠረታዊ የሕግ ስህተት እንጂ ማስረጃ አይመዝንም። እናታችን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው «ልጄ፣ ዋርካዋ እኮ እዚያው ቆማለች» አሉኝ። እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ታችኛው ላይኛውን የሚነካው እንዲህ ነው። ይግባኝ ሰሚው ምስክሩን በዓይኑ አላየውም፤ የሚያነበው የስር ዳኛ የጻፈውን ነው። ጭብጡ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ የሚወስነው ዋና ጥያቄ፣ ተጣሞ ከተያዘም ክርክሩ ተጣሞ ይወጣል፤ ቢበዛ «እንደገና አጣራ» ተብሎ ይመለሳል፣ እሱም ሌላ ዓመት ነው። በጎ ጎንም አለው። በምክንያት የተብራራ የወረዳ ፍርድ የበላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን ሲያሳምን ደጋግሜ አይቻለሁ። የስር ፍርድ ቤቶች በአንድ አንቀጽ ላይ የተለያየ ሲፈርዱም ነው ጥያቄው ሰበር ደርሶ ትርጉም የሚያገኘው።

ስለዚህ ምስክርሽ ሲጨርስ ዋናዋ ነጥብ መጻፏን እዚያው አረጋግጪ። ከቀረች አትፈሪ፣ በትህትና ተነስተሽ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይቺ ትመዝገብልን» በዪ።