ለ1967 ጂቲኦ የትኛው ጎማ ይሻላል?

ወንድሜ፣ በመኪናው እንኳን ደስ ያለህ! የ1967 ፖንቲያክ ጂቲኦ ገዝተህ «የጎማዎቹ ጥርስ ገና ሙሉ ነው፤ ግን ሀይዌይ ላይ መሪው አልረጋ አለኝ። ልቀይራቸው? ከቀየርኩስ የትኛውን ልግዛ?» ብለሃል።

ጥርሱን ተወውና መጀመሪያ ቀኑን እይ። በጎማው ጎን ላይ «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያለው ቁጥር መጨረሻ ላይ 4 አሃዝ አለ፤ ሳምንትና ዓመት ነው። 2309 ካለ በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። 3 አሃዝ ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት የወጣ ነው፤ በእሱ ሀይዌይ አትውጣ። ሙሉው ቁጥር አንዳንዴ በውስጥ በኩል ብቻ ስለሚጻፍ መኪናው ስር ገባ ብለህ ፈልገው። እንዲህ ያሉ መኪኖች ጋራዥ ውስጥ ቆመው ይከርማሉ። ጥርሱ ሳይነካ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ከዚያ በፍጥነት ላይ ይላጣል። 10 ዓመት ያለፈውን ጎማ ምንም ያህል ቢያምር እኔ አልነዳበትም።

መሪው የማይረጋው ጎማው ባያስ ፕላይ የሚባለው የድሮ ዓይነት ስለሆነ ይመስለኛል። በባያስ ውስጥ ክሮቹ እርስ በርስ እየተሻገሩ በሰያፍ ነው የሚሄዱት፤ ጎንና መርገጫው አንድ ላይ ይታጠፋል። በራዲያል፣ ማለትም በአሁኑ ዓይነት ጎማ ግን ክሮቹ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በቀጥታ ያልፋሉ፣ በላያቸው የብረት ቀበቶ ስላለ መርገጫው መሬቱን ሙሉ ይይዛል። የእኔን ጂቲኦ ስገዛ ባያስ ነበረበት። የአስፋልቱን ቦይ እየተከተለ መሪውን ይጎትተኝ ነበር። ብዙ ቀን ቆሞ ሲነሳ ደግሞ ጎማው እስኪሞቅ ድረስ ይንቀጠቀጣል።

ይህ መኪና ከመነሻው ጉልበቱ ከጎማው ቀድሞ የሄደ ነው። የፖንቲያክ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ለመካከለኛ መኪኖች ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ግን የትልቁን መኪና 389 ሞተር ለ1964ቱ ቴምፐስት ለማንስ እንደ ተጨማሪ ምርጫ አቀረቡት። ክልከላው ምርጫን አይመለከትም ብለው ነው፣ ጎበዞች ናቸው! በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። ሌሎቹ ፋብሪካዎችም ተከትለው ገቡበት። ያ ሁሉ 325 የፈረስ ጉልበት ግን ያረፈው በቀጭን 7.50-14 ጎማ ላይ ነበር። በአንተው ዓመት ሞተሩ 400 ኪዩቢክ ኢንች ሆነ፣ ጎማውም ወደ ሰፊው ኤፍ 70-14 አደገ። ያም ቢሆን ባያስ ነው።

መኪናህን ለውድድር ትርኢት ካላዘጋጀኸው ራዲያል ግዛ። የራሱን 14 ኢንች ቸርኬ ማቆየት ከፈለግህ 215/70 አር 14 ወይም 225/70 አር 14 ይሆነዋል (የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ፣ የመጨረሻው የቸርኬው ኢንች ነው)። ሁለተኛው ቁመቱ ለኤፍ 70-14 በጣም ስለሚቀርብ የፍጥነት መለኪያህም ብዙ አይዛባም። በጎማው ጎን ላይ ነጭ ፊደል ከወደድህ ቢኤፍ ጉድሪች ራዲያል ቲኤ አለ። የዚያን ዘመን ቀይ መስመር ከፈለግህም ቴኔሲ፣ ቻታኑጋ ያለው ኮከር ታየር በራዲያል ያቀርባል። ውድ ነው፤ ግን ይህን መኪና ያን ያህል የሚያሳምረው ነገር የለም።

በኃይል የምትነዳ ከሆነ ወደ 15 ኢንች ውጣ፤ ከፊት 235/60፣ ከኋላ 255/60። ከመግዛትህ በፊት የኋላው ከመከለያው ጠርዝ ጋር እንዳይፋተግ አስለካው። 17 ኢንች እንዲያደርግልህ የሚገፋፋህ አይጠፋም። የሚይዝ ጎማ በብዛት ታገኛለህ፣ ግን መልኩ ይጠፋል። እኔ አላደርገውም።

ባያስና ራዲያል በፍጹም አትቀላቅል፤ አራቱንም በአንዴ ቀይር። ከዚያ አላይመንት አሠራ። የድሮው የፋብሪካ ልክ ለባያስ የወጣ ስለሆነ ባለሙያው ካስተሩን፣ ማለትም ከጎን ሲታይ የፊት ጎማው መዞሪያ ዘንግ ያለውን ዝንባሌ፣ ወደ ፖዘቲቭ (ላዩ ወደ ኋላ) እንዲያመጣው ንገረው። የእኔ 2 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው መሪው ጸጥ ያለው። የድሮው መመሪያ ላይ ያለው ዝቅተኛ የአየር ልክም ለባያስ ነው። ራዲያሉን ቀዝቃዛ እያለ 32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሙላውና ከዚያ እየነዳህ አስተካክለው።