ሞግዚቷ በማን ስም ተጻፈች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመጀመሪያ ልጃችን 5 ወር ከግማሽ ሆኖታል። ከወሊድ ፈቃድ ተመልሼ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወር አልፎኛል። ከመውለዴ በፊት ከባለቤቴ ጋር በወር 14,000 ብር ልንቆጥብ ተስማምተን ነበር። 8,000ው የእኔ ነው፤ እቁብ እጥላለሁ። 6,000ውን እሱ ለቤት መግዣ ብለን ባንክ ያስገባል። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ማታ ባለ 50 ሉክ ደብተር ያወጣና እንተሳሰባለን። ደብተሩ ሁለት ዓምድ አለው፤ የእኔና የእሱ። ሞግዚት፣ ዳይፐርና ምሳ ሰዓት ላጠባ የምመላለስበት ራይድ በእኔ በኩል ነው የሚጻፉት። ያለፈው ወር ደመወዜ እቁቡ ጋ አልደረሰም። 4,000 ብር ከእህቴ ተበድሬ ሞላሁት። ባለቤቴ አያውቅም። 14,000ው ሞልቶ ሲያይ “አንቺም ሥራ ጀምረሻል፤ ለምን 18,000 አናደርገውም? ለልጁ እኮ ነው” አለኝ። አማቴ ደግሞ “ደመወዝሽ ለሞግዚት ካለቀ መውጣቱ ምን ይጠቅምሻል?” ይሉኛል። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ደብተሩ ሲወጣ ሆዴን ይቆርጠኛል። ቢሮ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ያለቀስኩባቸው ቀናትም አሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ። የድርጅቱን ሒሳብ በየወሩ ትዘጊያለሽ፤ እዚያ ሆድሽን አይቆርጥሽም። ቤት ግን አንዲት ባለ 50 ሉክ ደብተር ታስጨንቅሻለች። ስለዚህ የሚያስጨንቅሽ መደመርና መቀነሱ አይደለም። ቅዳሜ ማታ የምትፈተኚ ይመስልሻል፤ ፈተናውን ለማለፍም ኮርጀሻል። 4,000ዋ ያቺ ናት።

እስቲ ያንን ደብተር አብረን እንየው። ሞግዚቷን በአንቺ ዓምድ ላይ ማን ጻፋት? ብጠይቅሽ መልስ የምታገኚለት አይመስለኝም። ምናልባት የመጀመሪያውን ደመወዝ የከፈልሽላት አንቺ ስለነበርሽ እዚያው ቀረች። ባለቤትሽም ተንኮል አስቦ አይመስለኝም። ግን አንዴ እዚያ ከተጻፈች ወዲህ ነገሩ “ልጁ ሞግዚት ያስፈልገዋል” መሆኑ ቀርቶ “አንቺ ሥራ ስለወጣሽ ሞግዚት ተቀጠረ” ሆኗል። አማትሽም ደብተሩን ሳያዩ ያንኑ ነው ያነበቡት። እሱ ጠዋት ሥራ የሚሄደው ማን ልጁን ስለያዘለት ነው? ሞግዚቷ ለሁለታችሁም ነው የምትሠራው።

ሁለተኛው ነገር ባለቤትሽ የማያየው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ እናት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። አባትስ? 3 ቀን። በ3 ቀን የልጁ እትብት እንኳ አይወድቅም። ባለቤትሽ በአራተኛው ቀን ሥራ ገብቶ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የቤታችሁን ኑሮ በአብዛኛው የሚያውቀው ማታ ማታ እና በደብተሩ ነው። ደብተሩ ደግሞ ሞልቷል ይላል።

እንደገና አስቢው። በዚያ በ90 ቀን ውስጥ ደመወዝሽ ሙሉ ይገባ ነበር። ልጁን የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ራይድ የለም፤ ሞግዚት የለችም። እንደ ብዙ አራስ ቤት ከሆነማ ቅቤውም የገንፎ እህሉም በዘመድ እጅ ነው የገባው። የልጅ ወጪ እውነተኛ ዋጋው የታየው ሲወለድ ሳይሆን አንቺ ቢሮ የተመለስሽ ዕለት ነው። ባለቤትሽ የሚያስበው ግን በተቃራኒው ነው፤ “ሥራ ተመልሳለች፣ እንግዲህ ይተርፈናል” ይላል። 18,000 የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። እንዳይፈረድበት፣ የምትነግሪውን ቁጥር አምኖ ነው የተነሣው።

ስለዚህ ከዕዳው እንጀምር። የድሮ እናቶች መቀነታቸው ጫፍ ላይ ብር ቋጥረው ከባላቸው ይደብቁ ነበር። አንቺ የደበቅሽው ግን ዕዳ ነው፤ ያ ደግሞ በየወሩ ይወልዳል። ይህን ከቅዳሜ በፊት ንገሪው። ደብተሩ ፊት ለፊት አይሁን። ልጁ ተኝቶ ሁለታችሁም ስትደክሙ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይም አይሁን። እሑድ ጠዋት ቡና እየጠጣችሁ ቢሆን ይሻላል። ንግግሩንም አታስረዝሚው። “ያለፈው ወር የእቁቡን ግማሽ ከእህቴ ተበድሬ ነው የሞላሁት። ያልነገርኩህ አፍሬ ነው” በይው። ከዚያ ዝም በይ።

“ለምን ደበቅሽኝ?” ማለቱ አይቀርም። ሊቆጣም ይችላል። እውነት ለመናገር መብቱ ነው፤ ሰው ሚስቱ እንደደበቀችው ሲያውቅ ከብሩ ይልቅ መደበቁ ያመዋል። እዚያ ላይ “አንተስ መቼ አየኸኝ?” ብለሽ አትነሺበት። እሱ ሌላ ቀን የሚነሣ ነገር ነው። ያን ቀን ሁለቱን ከደባለቅሽ ክርክር ይሆንና ዕዳው ተረስቶ ይቀራል።

ቀጥሎ ቁጥሩ። ያለፈው ወር የቆጠባችሁት 14,000 አይደለም። ከዚያ ላይ የእህትሽን 4,000 ቀንሺ፤ 10,000 ነው። አንቺ እቁብ ለመሙላት ስትበደሪ፣ በዚያው ወር ባለቤትሽ 6,000 ብር ባንክ አስገብቷል። ብሩ እኮ ቤት ውስጥ ነበረ! የጎደለው በአንቺ ዓምድ ብቻ ነው። እኔን እንደ ባለሙያ ያሳዘነኝም ይኼ ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ አንዱ እየቆጠበ አንዱ ይበደራል።

እቁብን መሐል ላይ ማቋረጥ ከሰው ያቀያይማል፣ አይመከርም። ባንኩ ግን ይታገሣል። እቁቡ እስኪያልቅ ባለቤትሽ ከ6,000ው 4,000ውን ወደ እቁቡ ቢያዞር፣ 2,000 ባንክ ቢያስገባ ማንም አይጎዳም። ቀጣዩ ዙር ሲጀመር በግማሽ ዕጣ መግባት ትችላላችሁ። አዲሱ ግባችሁ እንግዲህ 10,000 ነው። 18,000ው ላይ “አይሆንም” ከምትይ “ይኼ ዙር ሲያልቅ እንየው” በይ። ልጁ 6 ወር ሲሞላው ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፤ ያኔ ወጪው መልኩን ይቀይራል። የዛሬን ቁጥር ለዓመት አትማሉበት፤ በየሦስት ወሩ እዩት።

“ለልጁ እኮ ነው” ያለውን ደግሞ ችላ አትበይው። አንቺ በምሳ ሰዓት ራይድ የምትሳፈሪው ለልጁ ነው። እሱም ቤት ልግዛ የሚለው ለልጁ ነው። አንዳንድ አባት ፍርሃቱን በአፉ አይናገርም፣ በቁጥር ይናገራል። ቤት ሳይኖረን ቢያድግ፣ አከራይ ውጡ ቢለንስ እያለ ሌሊት የሚያስብ ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቅም፤ አንቺ ጠይቂው። “18,000 ስትል ምን አሳስቦህ ነው?” ብትይው በቂ ነው።

አማትሽን ለባለቤትሽ ተዪለት። ለእናቱ መልስ መስጠት ያለበት እሱ ነው፤ ያውም ሞግዚቷ የማን እንደሆነች ከገባው በኋላ።

ለቅሶሽን ግን ለብቻው ልያዘው። ሥራ የተመለሰች እናት አልፎ አልፎ ማልቀሷ አያስገርምም። ሆኖም ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ የሚልሽ፣ ምንም ነገር ደስ የማይልሽ፣ ራስሽን የማትረቢ አድርገሽ የምታይው ከሆነና ይህ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል። ይታከማል። የልጁን የ9 ወር ክትባት ሳትጠብቂ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ንገሪያቸው። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀን አትቁጠሪ፣ ያኑ ዕለት ሂጂ።

ደብተሩን አትጣሉት። ባለቤትሽ በየወሩ መቀመጡን ስላልተወ ጥሩ ልማድ ነው። መሐሉ ላይ ሦስተኛ ዓምድ አስምሩና “ቤት” ብላችሁ ጻፉበት። ሞግዚቷ፣ ዳይፐሩ፣ ራይዱ ወደዚያ ይዛወሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት 2,000ው ባንክ ከመግባቱ በፊት ለእህትሽ ይሂድ። እሱንም በመሐለኛው ዓምድ ላይ ጻፉት።