«ቢ» ብሎ ለመለሰልኝ ልጅና ለእኩዮቹ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ጠዋት ጣና ዳር፣ የእግረኛው መንገድ ላይ አረፍ ብዬ ነበር። አንድ ወጣት መጥቶ ሰላም አለኝ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ግቢ ነው የሚማረው። አብራሪ እንደነበርኩ ሰፈር ውስጥ ሰምቷል። ስልኩን አወጣና አንድ አፕ አሳየኝ። የፕራይቬት ፓይለት፣ ማለትም የግል አብራሪ ፈቃድ፣ የጽሑፍ ፈተና መለማመጃ ነው። «ጋሼ፣ ጥያቄዎቹን በሙሉ ሸምድጃቸዋለሁ» አለኝ። ፊቱ በደስታ በርቷል።

እኔም ደስ አለኝ። ስልኩን ተቀበልኩትና አንዱን ጥያቄ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ዴንሲቲ አልቲቲውድ ነበር። ገና ግማሽ ላይ ሳልደርስ «ቢ!» አለኝ። ምርጫዎቹን አላነበብኩለትም። «ቢ ምን ይላል?» አልኩት። ዝም አለ። «እሺ፣ ዴንሲቲ አልቲቲውድ ምንድን ነው?» አልኩት። በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ወረደልኝ፣ አንድም ቃል አልሳተም። «በአማርኛ ንገረኝ» ስለው ግን ወደ ሐይቁ ዞረ።

ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ልጁ ጎበዝ ነው። ሌሊት እየተነሳ እንደሚያነብ ነግሮኛል። ችከላን ያስለመድነው ደግሞ እኛ ታላላቆቹ ነን። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው፤ እንደ እሱ ለምትለፉትም ሁሉ ነው።

ፈተናው ምን እንደሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ። አብዛኞቻችሁ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ኤፍ ኤ ኤ፣ የሚሰጠውን ነው። 60 ጥያቄ አለው። እያንዳንዱ ጥያቄ 3 ምርጫ አለው። ማለፊያው 70 በመቶ ነው፤ 42 ጥያቄ መመለስ ማለት ነው። ለመቀመጥ ተዘጋጅታችኋል ብሎ የሚፈርምላችሁ አሰልጣኝ ያስፈልጋችኋል። ውጤቱ የሚያገለግለው 24 ወር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የበረራ ፈተናውን ካልወሰዳችሁ እንደገና ትቀመጣላችሁ። የእኛን አገር ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ በዚያ በኩል የምትሄዱ ከሆነ መስፈርቱን ከራሱ ጠይቁ። ትምህርቱ ግን የትም ቢሆን ያው ነው፦ የአየር ሕግ፣ የአውሮፕላኑ አሠራር፣ የአየር ጠባይ፣ ናቪጌሽን፣ የክብደት ስሌት፣ የሬዲዮ ንግግር፣ የሰው ልጅ ድካምና አቅም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ዴንሲቲ አልቲቲውድ ማለት አየሩ በመሳሳቱ አውሮፕላኑ ያለበት የሚመስለው ከፍታ ነው። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 6,000 ጫማ ይጠጋል። መጽሐፉ እንደሚለው በባሕር ጠለል ላይ መደበኛው ሙቀት 15 ዲግሪ ነው። በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ 6,000 ጫማ ላይ 3 ዲግሪ መሆን ነበረበት። መጋቢት ላይ በቀትር እዚህ ቁሙና ቴርሞሜትር አንብቡ። 28 ዲግሪ ቢል ልዩነቱ 25 ነው። ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 120 ጫማ ገደማ ይጨመራል። 25 ሲባዛ በ120፣ 3,000 ይመጣል። 6,000 ላይ 3,000 ስትደምሩ 9,000 ጫማ። ይህ የደብረ ታቦር ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። ባሕር ዳር ቆሞ ሳለ ሞተሩም ክንፉም ደብረ ታቦር እንደወጡ ሆነው ነው የሚሠሩት።

ይህን የማወራው በወጣትነቴ ዋጋ ስለከፈልኩበት ነው። ትምህርቱን የተማርኩት ውጭ አገር ነበር። በጽሑፍ ፈተናው 95 አመጣሁ። ያኔ አፕ የለም፤ የጥያቄ ጥራዝ ነበረን፣ እኔም እንደዚያ ልጅ መልሱን ከነፊደሉ ነበር የያዝኩት። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአሰልጣኜ ጋር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ካለ ሜዳ ሴስና 172 በምትባል ትንሽ አውሮፕላን ልንነሳ ሆነ። ሙቀቱ ያነድዳል። ነዳጁ ሙሉ ነው። መንደርደር ጀመርን። ከጎን ያለው ሣር ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት ወደ ኋላ ይሮጣል። የሜዳው ጫፍ እየቀረበ መጣ። ዓይኔ «በቂ ፍጥነት አለህ፣ አንሳው» አለኝ። የፍጥነት መለኪያውን ሳላይ መሪውን ጎተትኩት። አፍንጫው ቀና አለ፤ አውሮፕላኑ ግን አልወጣም። ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሊያቅተው ሲል የሚጮኸው የስቶል ማስጠንቀቂያ ጮኸ። አሰልጣኜ ምንም ሳይናገር መሪውን በመዳፉ ወደፊት ገፋው። መለኪያው 55 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) እስኪያሳይ ጠበቀና ቀስ አድርጎ አነሳው። የሜዳው መጨረሻ ላይ ያለው አጥር ከሥራችን ሲያልፍ አየሁት። ሽቦው ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ ጨርቅ ዛሬም ድረስ አልረሳውም።

ካረፍን በኋላ «በፈተናው ስንት ነበር ያመጣኸው?» አለኝ። «95» አልኩ። «ታዲያ ለምን ጎተትከው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን አሁን እናንተ ያዙልኝ። አየር ሲሳሳ መለኪያው 55 እንዲያሳይ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ከወትሮው ፈጥኖ መሮጥ አለበት። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ እዚያ ፍጥነት ላይ ለመድረስ ረጅም ሜዳ ይበላል። ዓይን ግን የሚያየው ሣሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ያታልላል። የፈተናው ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ በአንድ «ቢ» ይታለፋል።

ያን ቀን ማታ ነው ዘዴዬን የለወጥኩት። በኋላ ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን ያስተማርኩትም በዚያው ነው። እያንዳንዱን ርዕስ ስለ አውሮፕላን ምንም ለማያውቅ ሰው በአማርኛ ማስረዳት። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ቃል መያዝ ግድ ነው። ነገር ግን በእናታችሁ ቋንቋ ልታወሩት ያልቻላችሁትን ነገር ገና አላወቃችሁትም ማለት ነው።

እኔ ያስረዳኋት ለእህቴ ነበር። ለእረፍት መጥቼ ቡና ስትቆላ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። «አየር ሲሞቅ ይሳሳል» አልኳት። «ክንፍ የሚደገፈው በአየር ነው። የሳሳ አየር አይሸከምም። ሞተሩም ያንኑ ነው የሚስበው።» መቁሊያውን ወዘወዝ እያደረገች ሰማችኝና «ታዲያ እናንተስ በጠዋት አትነሱም?» አለችኝ። ፊደል አልቆጠረችም እኮ! እኔ 95 አምጥቼ ያላሰብኩትን እሷ ቡናው ሳይጠቁር ደረሰችበት።

የክብደትና የሚዛን ስሌትም ብዙዎቻችሁን ያስፈራል። ቁጥር ስለሚበዛበት ነው። እኔ ግን የተማርኩት ታንኳ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ አጎቴ ከዘጌ እንጨት ሲጭን አብሬው እሄድ ነበር። አንዴ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ተቀመጥኩ። የታንኳው አፍንጫ ቀና አለ፣ ቀዘፋውም እምቢ አለው። «መሐል ግባ!» ብሎ ጮኸብኝ። እንጨቱ ያው እንጨት ነው፣ እኔም ያው እኔው ነኝ። የተለወጠው የተቀመጥኩበት ቦታ ብቻ ነው። ክብደት ሲባዛ በርቀት የሚሉት ቀመር ይኸው ነው። አውሮፕላን ላይ ጭነቱ ከተፈቀደው በላይ ወደ ኋላ ከሄደ አፍንጫው አልታዘዝ ይላል፤ ስቶል ውስጥ ከገባ ለማውጣት አስቸጋሪ ይሆናል። ቀመሩን ከመሥራታችሁ በፊት ዕቃው የት እንዳለ በዓይነ ኅሊናችሁ እዩት። ከዚያ ያገኛችሁት ቁጥር የማይመስል ከሆነ ራሳችሁ ትነቃላችሁ።

ስቶል ካነሳን አይቀር፣ ሞተር መጥፋት አይደለም። መኪና የነዳ ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል። ክንፉ አየሩን የሚገናኝበት ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ ነው አየሩ ከክንፉ ላይ የሚላቀቀው። ሞተሩ እየጮኸም ይሆናል። በየትኛውም ፍጥነት ይሆናል። ይህ ቃል ፈተናው ላይ ደጋግሞ ይመጣል።

የአየር ጠባይን ለመማር ደግሞ እንደ እናንተ የታደለ ሰው የለም። መስኮታችሁ ሥር መምህር አላችሁ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል። የብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ሲነሳ ከሐይቁ የቀዘቀዘው ይተካዋል። ለዚህ ነው ከሰዓት በኋላ ከጣና ወደ ከተማው ነፋስ የሚመጣው። ሌሊት ይገለበጣል። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ከባድ ጭነት ይዘው በማለዳ የሚወጡት ወደው አይደለም። እንግዲህ አንድ ሳምንት ጠዋትና ከሰዓት ዳር ቆማችሁ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ መዝግቡ። ዘንባባዎቹን እዩ። ከዚያ ስለ ባሕር ነፋስ የሚጠይቀውን ጥያቄ ስታገኙት የምታውቁት ሰው ይመስላችኋል። የክረምቱን ደመናም እንዲሁ አጥኑት። ለነጎድጓድ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ እርጥበት፣ ያልተረጋጋ አየርና አየሩን ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል። ዝናቡ መሬት ሲነካ ደመናው በጉልምስናው ላይ ነው፤ ያኔ ነው እጅግ አደገኛ የሚሆነው።

ሰዓትን በተመለከተ ለእኛ ልጆች ብቻ የምትሆን አንዲት ነገር ልንገራችሁ። የአየር ሁኔታ ዘገባ ሁሉ የሚወጣው በዙሉ ሰዓት፣ አብራሪዎች በየትም አገር በጋራ በሚጠቀሙበት የዓለም ሰዓት፣ ነው። ከዙሉ ላይ 3 ቀንሱ፣ የእኛን የሐበሻ ሰዓት ታገኛላችሁ። ዘገባው 0900 ዙሉ ካለ እዚህ ቀን 6 ሰዓት ነው። በፈረንጁ አቆጣጠር ግን 3 ጨምራችሁ 12፡00 ትላላችሁ። ሁለቱን አታደባልቁ። ፈተና ላይ የሰዓት ስሌት ሲመጣ የሐበሻውን ሙሉ በሙሉ እርሱት።

ስለ ወፎች ሳልናገር ማለፍ አልችልም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከዚሁ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሳ የርግብ መንጋ ገባበት። ሁለቱም ሞተሮች ተጎዱ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሞክረው ነበር፤ አልሆነም፣ በሆዱ አረፈ፣ ተቃጠለ። ከ104 ሰው 35ቱ አለቁ። ነፍሳቸውን ይማር። በወፍ ዙሪያ የሚጠየቅ ጥያቄ ስታገኙ «ቀላል ናት» ብላችሁ አትለፏት። በማለዳ ጣና ላይ የሚነሳውን መንጋ እያያችሁ አንብቧት።

ሁሉም ነገር በመረዳት ይገባል ብዬ አላታልላችሁም። ሕጉን መሸምደድ አለባችሁ። ለቀን በረራ የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ነዳጅ፣ ለሌሊት 45፣ የአየር ክልሎቹ የሚጠሩባቸው ፊደላት፣ የእይታና የደመና ርቀቶች፤ እነዚህን ቸክሉ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እዚያ ላይ ችከላ ነውር የለውም።

አፑንም አትጣሉት። እኔ የምለው አጠቃቀማችሁን ለውጡ ነው። መጀመሪያ ምዕራፉን አንብቡ። ኤፍ ኤ ኤ ራሱ የሚያወጣቸው መማሪያዎች በነፃ ይወርዳሉ። ከዚያ ጥያቄውን ስትሠሩ ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍኑና መልሱን ራሳችሁ ተናገሩ። ቀጥሎ ግለጡት። ስህተት የሆኑት ሁለቱ ለምን ስህተት እንደሆኑ ካልነገራችሁኝ ጥያቄውን ሠርታችሁታል አልልም። የሳታችሁትን በደብተር ጻፉ፣ በእጅ፣ በአማርኛ። አንዱ ተማሪዬ እንዲህ ያለ ደብተር ሦስት ጨርሶ ነበር፤ ዛሬ እሱ ራሱ ያስተምራል።

ደግሞም የሳታችሁት ነገር ተደብቆ አይቀርም። የየትኞቹን ርዕሶች ጥያቄ እንደሳታችሁ ውጤቱ ላይ በኮድ ይወጣል። የበረራ ፈተናው ቀን ፈታኙ ወረቀቱን ይዞ ስለዚያው ይጠይቃችኋል፣ በቃል። እዚያ «ቢ» የሚባል መልስ የለም።

ያ ልጅ ስልክ ቁጥሩን ሳይሰጠኝ ነው የሄደው። ይህን ካነበብክ፣ እሑድ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ቦታ ነኝ። ሌሎቻችሁም ኑ። ስልኩን ቤት ተዉትና የሳታችኋቸውን አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ይዛችሁ ኑ። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ካለ ያምጣ፣ ቀትር ድረስ ከቆየን የዕለቱን ስሌት አብረን እንሠራዋለን።