ሲሙሌሽኑ ከተሰነጠቀው ቱቦ ይጀምር

ውድ እህቴ፣

ከቱሉ ዲምቱ የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። በኬሚካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመትሽን ልትጀምሪ እንደሆነ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽንም ሪሳይክል የተደረገ ፕላስቲክን ጥንካሬ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን፣ ማለትም በስሌት አስመስሎ በማየት፣ በማሻሻል ላይ ለመሥራት እንዳሰብሽ ጽፈሻል። አቃቂ አካባቢ ያገለገለ ጀሪካን እየፈጩ የውኃ ቱቦ የሚያመርቱት አጎትሽ ግን ቱቦዎቻቸው በተቀበሩ በወራት ውስጥ እየተሰነጠቁ ደንበኛ ስለሸሻቸው፣ «ኮምፒውተር ቱቦ አያወጣም፤ ክረምቱን መጥተሽ አግዢኝ» ብለውሻል። አንቺም በዚህ ሙያ ሥራ ይገኛል ወይ፣ ባለ 8 ጊጋ ባይት ላፕቶፕሽስ ይበቃል ወይ ብለሽ ትጠይቂያለሽ።

ምክሬ የአጎትሽን ጥሪ እንድትቀበይና ፕሮጀክትሽን ከዚያው ከተሰነጠቀው ቱቦ እንድታወጪው ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ ሁለቱን እንደ ተቃራኒ መንገድ አስቀምጠሻቸዋል፤ እኔ ግን አንዱ ያለ ሌላው ሲሞከር ምን እንደሚሆን በዓይኔ ስላየሁ እንደዚያ አላያቸውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ፋብሪካ የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ ጎበዝ ተመራቂ ቀይና ሰማያዊ ቀለሙ እጅግ የሚያምር የጫና ሥዕል በላፕቶፑ አሳየን። የምርት ክፍል ኃላፊው «የዕቃውን ግትርነት የሚገልጸውን ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ብለው ሲጠይቁት «ሶፍትዌሩ ውስጥ የነበረ ነው» አለ። ቁጥሩ የአዲስ ጥሬ ዕቃ ነበር፤ ፋብሪካው የሚጠቀመው ግን ግማሽ ያህሉ የተፈጨ ፕላስቲክ ነው። ልጁ ሥራውን አላገኘም። ያን ሁሉ የደከመበት ሥራ በአንድ ጥያቄ ሲወድቅ ማየቴ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ አንቺን እንዲህ ያለ ነገር እንዲገጥምሽ አልፈልግም።

የተፈጨ ፕላስቲክ ለምን እንደሚደክም ከትምህርትሽ ታውቂዋለሽ፤ ሆኖም ለፕሮጀክትሽ መነሻ ስለሚሆን ላንሳው። ፕላስቲክ ጥንካሬውን በአብዛኛው የሚያገኘው እጅግ ረጃጅም የሆኑት ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው በመጠላለፋቸው ነው፤ በአጭር በአጭሩ የተቆራረጠ ጥጥ ጠንካራ ፈትል እንደማይወጣው ሁሉ፣ ሰንሰለቱ ሲያጥር መጠላለፉም ይቀንሳል። ፖሊፕሮፒሊን የተባለው የፕላስቲክ ዓይነት ቀልጦ በማሽን ባለፈ ቁጥር ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል። ሃይላንድ የምንለው ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲቀልጥ እርጥበቱ ራሱ ሰንሰለቱን ይቆርጠዋል። የአጎትሽ ጀሪካን በአብዛኛው ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ ነው፤ ከእነዚህ ሁለቱ ይልቅ ማቅለጥን ይችላል፤ ስለዚህ እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ቅልቅሉንና ቆሻሻውን ነው።

ወርክሾፑ በገባሽ በመጀመሪያው ቀን አንድ በርሜል ውኃ አስቀርበሽ ከጆንያው ጥቂት ፍርፋሪ ጣይበት። የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰጥማል፤ ክዳኑና የጀሪካኑ ቁራጭ ይንሳፈፋሉ። አጎትሽ የተንሳፈፈውን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርገው የሚቆጥሩት ከሆነ ችግሩ እዚያ ሊሆን ይችላል፤ የውኃ እፍጋት 1 ሲሆን የፖሊኢትሊን 0.95፣ የፖሊፕሮፒሊን ደግሞ 0.90 ገደማ በመሆኑ ሁለቱም ይንሳፈፋሉና ውኃ ብቻ አይለያቸውም። ቀልጠው ሲቀላቀሉ ደግሞ አይዋሃዱም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይቀርና ስንጥቅ የሚነሣው ከድንበራቸው ላይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኮርኔልና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ሁለቱን በየተራ የያዘ አንድ ሰንሰለት ሠርተው በጥቂቱ ሲጨምሩበት፣ ተሰባሪ የነበረው ድብልቅ የሚለጠጥ ጠንካራ ዕቃ ሆኖ እንደተገኘ አሳትመዋል።

ይህን ድንበር በሞለኪውል ደረጃ ማየት ከፈለግሽ ላምፕስና ግሮማክስ የተባሉት ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። በላፕቶፕሽ ላይ እያንዳንዱን አቶም እየቆጠርሽ ትልቅ ሥራ መሥራት ያዳግትሻል፤ ክሬመርና ግሬስት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳቀረቡት ብዙ አቶሞችን እንደ አንድ ዶቃ የሚቆጥረውን ሞዴል ግን በጥቂት ሺህ ዶቃዎች ልትሞክሪው ትችያለሽ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሻለሁ። በአቶም ደረጃ አንድ እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፌምቶ ሰከንድ (የናኖ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ) ያህል ነው፤ አንድ ሚሊዮን እርምጃ ተሄዶ የሚታየው የአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ ታሪክ ብቻ ነው። ስለዚህ በኮምፒውተር ውስጥ የሚደረገው መሳብ በላቦራቶሪ ከሚደረገው እጅግ፣ እጅግ የፈጠነ ነውና በሜጋ ፓስካል (በጫና መለኪያው) የወጣውን ቁጥር እንዳለ ወስደሽ የቱቦው ጥንካሬ ነው እንዳትዪ። የሚጠቅምሽ አንዱን ቅልቅል ከሌላው ለማወዳደር ነው።

የፕሮጀክትሽ ዋና አካል ግን በፋይናይት ኤለመንት፣ ማለትም ዕቃውን በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ ጫናውን በሚያሰላው ዘዴ፣ ቢሆን እመርጣለሁ። ለዚህ የሚሆነው ካልኩሊክስ የተባለ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ መጠነኛ ሞዴልም በአንቺ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የቱቦውን ግድግዳ ከውስጡ ካለ አንድ የአየር ቀዳዳ ወይም የአሸዋ ቅንጣት ጋር ሣዪና በዙሪያው ያለውን ጫና አስይ። ከዚያ በፊት ግን ሞዴልሽን ፈትኚው፤ በአንድ አቅጣጫ በሚሳብ ሰፊ ሳህን ላይ ያለ ክብ ቀዳዳ ጠርዙ ላይ ያለው ጫና ከሩቁ ሦስት እጥፍ እንደሚሆን ኪርሽ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1898 አስልቶታል። ኮምፒውተርሽ ወደ ሦስት የሚጠጋ ቁጥር ካልሰጠሽ ወደ ቱቦው አትለፊ። ለሞዴሉ የሚገባውን የዕቃ ባሕርይ ከአጎትሽ ጥሬ ዕቃ ተቆርጦ በዩኒቨርሲቲሽ ላቦራቶሪ ከሚሳብ ናሙና ውሰጂ፤ ከእያንዳንዱ ቅልቅል ቢያንስ አምስት ናሙና ይሁን። ያኔ «ማጣሪያውን ማጥበቅ ይሻላል፣ ግድግዳውን ማወፈር ይሻላል ወይስ ፖሊፕሮፒሊኑን ለይቶ ማውጣት?» የሚለውን የአጎትሽን ጥያቄ በቁጥር ልትመልሺላቸው ትችያለሽ።

የሚከፋቸው መልስም ሊመጣ እንደሚችል ከአሁኑ አስቢበት። የፖሊኢትሊን ቱቦ በአብዛኛው የሚሰነጠቀው በአንድ ጊዜ ጉልበት ሳይሆን አነስተኛ ጫና ለረጅም ጊዜ ተሸክሞ ስንጥቁ በዝግታ ሲያድግ ነው። ለግፊት ውኃ የሚመረተው ፒኢ 100 የሚባለው ደረጃ በ20 ዲግሪ ሙቀት 10 ሜጋ ፓስካልን ለ50 ዓመት እንዲችል ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ ጀሪካን ግን ለዚህ አልተሠራም፤ ጥሩ የመሳብ ውጤት ማምጣቱ ብቻም ለዚህ አያበቃውም። ሥራሽ ወደዚያ ከመራሽ፣ ግፊት የሌለበትን የኤሌክትሪክ ገመድ ማሳለፊያ ቱቦ ቢያመርቱ እንደሚሻል ደፍረሽ ንገሪያቸው።

ስለ ሥራው፣ «የፕላስቲክ ሲሙሌሽን ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ ስትጠብቂ እንዳትቀሪ። በአቃቂ ቃሊቲ፣ በገላን፣ በዱከምና በሰበታ ባሉ የፕላስቲክ ፋብሪካዎች እንዲህ ያለው ሰው የሚገባው በጥራት ቁጥጥር፣ በምርት ክፍል ወይም በሞልድ ዲዛይን ስም ነው። ዜሮ ዓመት ልምድ ይዘሽ ስትቀርቢ ከሌላው የሚለይሽ የተሰነጠቀው ቱቦ፣ የናሙናው ውጤትና የሞዴሉ ሥዕል ጎን ለጎን የተቀመጡበት ሁለት ገጽ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ብታመለክቺም ይኸው ይጠቅምሻል።

ለአማካሪ መምህርሽ ርዕሱን ከማስገባትሽ በፊት፣ ደንበኛ ከመለሳቸው ቱቦዎች ሦስቱን ከአጎትሽ ተቀበይ። ስንጥቁን ተከትለሽ በጥንቃቄ ሰንጥቂውና የውስጡን ፊት በማጉያ መነጽር ተመልከቺ፤ ስንጥቁ ከተነሣበት ነጥብ ላይ ቀዳዳ፣ አሸዋ ወይም ቀለሙ የተለየ ቅንጣት መኖሩን በፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ርዕሱን በዚያ ላይ ተመሥርተን አብረን እንጽፈዋለን።