ጦሳን ብንቆፍር ዳይኖሰር ይወጣል?

ጥያቄ፦ ጦሳ ተራራን ብንቆፍረው የዳይኖሰር አጥንት እናገኛለን? እኔና ጓደኞቼ ቅዳሜ ልንጀምር ነው። (የ4ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ኧረ ዶማውን መልሱ! ዳይኖሰሮች ያለቁት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ወደ 10 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የጠፈር ድንጋይ ዛሬ ሜክሲኮ የምንለው አገር ላይ ወደቀ፣ ሰማዩ ጨለመ፣ የሚበላ ጠፋ። የወሎ ደጋ ጥቁር ድንጋይ ግን በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ጦሳ ሲሠራ እነሱ ከጠፉ ቆይቷል ማለት ነው። ደግሞስ በዚያ እሳት ውስጥ ምን አጥንት ይተርፋል?

ግን አብሽር። ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር በዳይኖሰር ዘመን የነበረ አሸዋና ጭቃ ደንድኖ ተኝቷል። አባይና ገባሮቹ ደጋውን ሸርሽረው ሸርሽረው በሸለቆው በኩል ገልጠውታል፣ እዚያም የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ለምን ጥርስ? ጥርስ ከአጥንት ይጠነክራል፣ በዚያ ላይ ዳይኖሰር እንደ እኛ አንዴ ብቻ ነቅሎ አያበቃም፤ አንዱ ሲወልቅ ሌላው እየበቀለ ዕድሜውን ሙሉ ሲጥል ይኖራል።

ጥያቄ፦ አስተማሪያችን ዶሮ ዳይኖሰር ናት አለችን። እየቀለደችብን ነው አይደል? (የ9 ዓመት ልጅ፣ ከወልድያ)

መልስ፦ አልቀለደችም። ወፎች በሙሉ በሁለት እግራቸው ይሄዱ ከነበሩ ዳይኖሰሮች የመጡ ናቸው፣ ስለዚህ ዳይኖሰር ጨርሶ አልጠፋም፣ ጓሮህ ውስጥ እየጫረ ነው። ካላመንክ እናትህ ለበዓል የዶሮ ብልት ስታወጣ አጠገቧ ቁም። መጀመሪያ እግሯን እይ። ቅርፊቱን፣ ወደፊት የተዘረጉትን ሦስት ጣቶች፣ ጥፍሩን። ከዚያ ፈረሰኛው ውስጥ ያለችውን ባላ የመሰለች ቀጭን አጥንት ፈልግ። ያችው አጥንት ቲ-ሬክስ ደረት ላይም ነበረች፣ 12 ሜትር የሚረዝመው አውሬ ላይ! ቻይና ውስጥ ደግሞ ላባቸው ድንጋይ ላይ ታትሞ የቀረ ዳይኖሰሮች ተገኝተዋል። ፈረሰኛው ለማን ይድረስ የሚለውን ጠብ ግን ይህ ዓምድ አይፈታም።

ጥያቄ፦ ልጄ «ድንቅነሽን ዳይኖሰር አላሳደዳትም?» እያለች መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ። ምን ልበላት? (አባት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አላሳደዳትም ይበሏት። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ያኔ በወሎ ሥር በነበረችው ሐዳር ስትገኝ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነበር። በእሷና በመጨረሻው ዳይኖሰር መካከል ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ አለ። ይልቅ አዞ ነው የሚያሰጋት።

ጥያቄ፦ ጅብ የውሻ ዘመድ ነው ወይስ የድመት? (ከሐይቅ፣ የ11 ዓመት ልጅ)

መልስ፦ ለድመት ይቀርባል፣ መልኩ አያታልልሽ። ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ ነጭ የሚሆነውም አጥንት ስለሚቆረጥም ነው። እና ተረቱ አያ ጅቦን ቢያነግሠውም ዥንጉርጉሩ ጅብ ዘንድ አዛዧ ሴቷ ናት። ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ሥጋው ላይ ስትደርስ እሱ ቦታ ይለቃል።